ወገቡ የሚታጠፈው ትራክተር

ጥያቄ፦ አራቱም ጎማዎቹ እኩል የሆኑ ግዙፍ ትራክተሮች ከየት መጡ? ለአካባቢያችን ማሳ ይሆናሉ? (ከማንኩሳ)

መልስ፦ የዚህ ዓይነቱ ትራክተር አንዱ ምንጭ የገበሬ ግቢ ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የስታይገር ወንድማማቾች ከአባታቸው ጋር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58 መካከል ባለው የብርድ ወቅት ለገዛ እርሻቸው የሚሆን አንድ ሠሩ። ዋግነር የተባሉ ወንድማማቾችም በኦሪገን ቀድመው ጀምረው ነበር። ሶቪየት ኅብረት በበኩሏ ከ1962 ጀምሮ ከ200 የፈረስ ጉልበት የሚያልፈውን ኪሮቬትስ ኬ-700 በሌኒንግራድ አመረተች።

ዋናው ብልሃት ክብደቱ ላይ ነው። ቆሞ ሳለ አብዛኛው ክብደት በፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ ማረሻውን ሲጎትት ግን ወደ ኋላ ስለሚሸሽ አራቱም ጎማዎች ተቀራራቢ ሸክም ይዘው መሬቱን ይቆነጥጣሉ። ሲዞር የሚታጠፈውም የፊት ጎማው ሳይሆን ወገቡ ነው። ከእነዚህ ትራክተሮች በግዙፍነቱ የሚታወቀው ቢግ በድ 747 እ.ኤ.አ. በ1977 በሞንታና ተሠርቶ ለካሊፎርኒያ የጥጥ እርሻ ተሸጠ።

በአገራችን፣ አዳማ ላይ በ1970ዎቹ (ዓ.ም.) የተቋቋመው ፋብሪካ ይገጣጥም የነበረው ግን ቤላሩስ የተባለውን መካከለኛ ትራክተር ነው፤ ምርጫው ትክክል ነበር። ምክንያቱም ግዙፉ ትራክተር የሚያዋጣው እንደ ብር ሸለቆ ባለ ሰፊ ሜዳ ነው።

አንድ ሄክታር እንኳ በማይሞላ፣ በየቦታው በተበጣጠሰ ማሳ ላይ ግን ከማረሱ መዞሩ ይበዛል። እርጥብ መሬት ላይ ከገባም ክብደቱ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል። ለማንኩሳና ለቡሬ ገበሬ የሚሻለው መካከለኛ ትራክተር በኪራይ፣ ማሳቸው ከሚዋሰን ጎረቤቶች ጋር በአንድ ቀን ማሳረስ ነው።