«ይሁን እንጂ» በአንቀጽ ውስጥ

«ይሁን እንጂ» ቀደም ሲል የተነገረውን ሐሳብ ሳያፈርስ ተቃራኒውን የሚያስከትል መስተፃምር ነው። የሚከተለውን አንቀጽ አስተውላችሁ አንብቡ።

በአውስትራሊያ ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ጡረታ እንደ ወጡ ካራቫን የተባለውን ተጎታች ቤት ከመኪናቸው ጋር አያይዘው ለጉዞ ተነሡ። ናላርቦር የተባለውን ዛፍ አልባ ሜዳ የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና በአንድ ስፍራ 146 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ኩርባ ይዘረጋል። በየተራ እየነዱ ተሻገሩት፤ ሲመሽም ከካራቫኑ ደጅ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ። ይሁን እንጂ የልጅ ልጃቸው በእግሩ መሄድ መጀመሩን የሰሙት በስልክ ነበር።

ከመስተፃምሩ በፊት ያለው ሐሳብ ደስታ፣ ከኋላው ያለው ግን ናፍቆት መሆኑን ልብ በሉ።

መልመጃ፦ ደስታና ናፍቆት የተቀላቀሉበትን አንድ የቤተሰባችሁን ጉዞ በ«ይሁን እንጂ» አያይዛችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።