በስልክ ላይም መብት አለ፦ ለዜግነት ትምህርት መምህራን

ስለ ኢንተርኔት ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንለው «ተጠንቀቁ» ነው። ምክሩ ትክክል ነው። በዚያ ብቻ ካቆምን ግን ተማሪው አደጋውን እንጂ መብቱን ሳያውቅ ይወጣል። መብቱን የማያውቅ ሰው ሲጣስበት አይጠይቅም፤ የሌላውን ሲጥስም አይታወቀውም።

መነሻችሁ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይሁን። አንቀጽ 24 የክብርና የመልካም ስም መብትን ይደነግጋል። አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትም እንደ ደብዳቤ አይደፈርም ይላል። አንቀጽ 29 ደግሞ ሐሳብን የመግለጽና መረጃ የማግኘት ነጻነትን ያረጋግጣል። ሦስቱን አንቀጾች በአንድ ገጽ አባዙላቸው፤ ማባዣ ከሌለ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ተማሪዎቹ ድንጋጌውን ራሳቸው ያንብቡት።

ቀጥሎ ጉዳይ ስጧቸው። ለምሳሌ አንዲት ተማሪ ለክፍል ጓደኞቿ ብቻ በቴሌግራም የላከችውን ፎቶ አንዱ አንሥቶ፣ የሚያላግጥ ጽሑፍ ጨምሮ ቲክቶክ ላይ ለጠፈው እንበል። ሌላ ተማሪ ደግሞ «ትምህርት ቤታችን ውኃ ከጠፋ ሰነበተ» ብሎ በፌስቡክ ጻፈ። ለሁለቱም ሦስት ጥያቄ አቅርቡ፦ የተነካው የማን መብት ነው? ሕጉ ምን ገደብ ያስቀምጣል? ገደቡንስ የሚያስፈጽመው ማን ነው፣ በምን ሥርዓት? በመጀመሪያው ጉዳይ የለጠፈው ልጅ «ሐሳቤን ነው የገለጽኩት» ሊል ይችላል፤ የልጅቷ ክብርና የግል ሕይወት ግን ተነክቷል። በሁለተኛው ጉዳይ የተጻፈው እውነት ከሆነ፣ ርእሰ መምህሩን ስላስቆጣ ብቻ ጥፋት አይሆንም። ተማሪዎች ይህን ልዩነት ተከራክረው ሲደርሱበት አይረሱትም።

ገደቦቹንም አትሸሽጉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወንጀል የሚሆነው የትኛው ድርጊት እንደሆነ ይደነግጋሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃችንን የሚሰበስቡ ተቋማትን ኃላፊነት ያስቀምጣል። አንድን ነገር አለመውደድና በሕግ መከልከል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ተማሪው ይለይ።

ለክርክር የምታቀርቡት ጉዳይ የተፈጠረ ይሁን። በክፍሉ ውስጥ በእውነት የተፈጸመ በደል ካነሣችሁ የተጎዳችውን ልጅ ዳግመኛ ትጎዷታላችሁ። ማንም ተማሪ ስልኩን ከፍቶ እንዲያሳይ ወይም የፖለቲካ አቋሙን በአደባባይ እንዲጽፍ አታዝዙ።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው የራሳችን አሠራር ነው። ስልክ ይዞ መግባት በትምህርት ቤቱ ደንብ ከተከለከለ መረከብ ይቻላል። የተማሪን መልእክት ከፍቶ ማንበብ ወይም የይለፍ ቃል መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ስልኩን ተማሪው ፊት አጥፉት፣ ስሙን በፖስታ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡት፣ ደንቡ በሚለው ሰዓት መልሱለት። አንቀጽ 26ን ጠዋት አስተምሮ ከሰዓት በኋላ የተማሪን ቴሌግራም የሚበረብር መምህር ትምህርቱን ራሱ አፍርሶታል። እንግዲህ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜያችሁ ሦስቱን አንቀጾች ይዛችሁ ግቡ፤ ማክበሩንም ከራሳችሁ ጀምሩ።