የዮሴፍ አንጀት

ልጆች ሆይ፤ ሰው ሲያዝን ሐዘኑ ከሰውነቱ በየትኛው ክፍል ይሰማዋል? የአገራችን ሰው «ሆዴ ባባ፤ አንጀቴ ተላወሰ» ይላል። ሐኪም ሆዱን ቢመረምረው አንዳች በሽታ አያገኝበትም፤ ሰውዬው ግን አልዋሸም። የማይታየውን የልቡን ነገር በሚታወቀው በሰውነቱ ነገረን። (ልብ ያልነውም ቢሆን ያው ሥጋ ነው።) መጽሐፍ ቅዱስን የጻፉ ሰዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

የዮሴፍን ታሪክ ታውቃላችሁ። ወንድሞቹ ገና ብላቴና ሳለ ሸጡት። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ እርሱ በግብፅ አገር ታላቅ ሹም ሆኖ ሳለ፥ እነዚያው ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ወደ እርሱ መጡ፤ ማን እንደ ሆነም አላወቁም። በሁለተኛው ጊዜ ታናሹን ብንያምን ይዘው መጡ። ከወንድሞቹ ሁሉ የዮሴፍ የእናቱ ልጅ ብንያም ብቻ ነበረ፤ እናታቸው ራሔልም እርሱን ስትወልድ ሞታ ነበር። ዮሴፍ ባየው ጊዜ ራሱን መግታት አቃተው። በሰው ፊት እንዳያለቅስ ፈጥኖ ወደ እልፍኙ ገባ፤ በዚያም ብቻውን ሆኖ አለቀሰ።

በዚህ ስፍራ የዕብራይስጡ መጽሐፍ ድንቅ ቃል አለው። በዕብራይስጥ ርኅራኄ «ራሐሚም» ይባላል፤ ይህም ቃል «ሬሔም» ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ሬሔም ማለት ማኅፀን ነው። ጸሐፊው ይህ ርኅራኄ በዮሴፍ ውስጥ እንደ ጋለ ይነግረናል። እንግዲህ አስቡ፤ ሁለቱ ወንድማማች የአንድ ማኅፀን ልጆች ናቸው። ጸሐፊው ይህን አስቦ ይሁን አይሁን አልነገረንም፤ ቃሉ ግን ለዚህ ታሪክ ተለክቶ እንደ ተሰፋ ልብስ ነው።

ይኸው አነጋገር በሰሎሞን ፍርድ ደግሞ ይገኛል። ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ሕፃን በተከራከሩ ጊዜ ንጉሡ ሕፃኑ በሰይፍ ለሁለት ይከፈል ብሎ አዘዘ። እውነተኛይቱ እናት ግን ሕፃኑ አይገደል፥ ለዚያች ሴት ይሰጣት ብላ ለመነች። ልጅዋን ለማዳን ልጅዋን መተው ነበረባት። በውስጥዋ የሆነውን ለመናገር ጸሐፊው ለዮሴፍ የተነገረውን ያንኑ ቃል አመጣ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት አይሁድ በእስክንድርያ መጽሐፋቸውን ወደ ግሪክ ቋንቋ መተርጐም ጀመሩ። እነዚህ ሁለቱ ታሪኮች በተተረጐሙ ጊዜ ግን ቃሉ ተለያየ፤ ለእናቲቱ ማኅፀን ተባለ፥ ለዮሴፍ ግን አንጀት ተባለ። ወንድ ማኅፀን የለውምና ተርጓሚዎቹን አንወቅሳቸውም። ነገር ግን ዮሴፍንና እናቲቱን ያስተሳሰረው ገመድ በዚህ ተበጠሰ። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለሁለቱም አንጀት አለ፤ ገመዱም ተመልሶ ተቋጠረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ያ የእንግሊዝኛ ቃል ምግብ የሚያልፍበትን አንጀት ብቻ የሚያመለክት ሆነ፤ ስለዚህ የኋለኞቹ ተርጓሚዎች በስፍራው ልብ የሚለውን ቃል አኖሩ። ልብ መልካም ቃል ነው፤ ለእኔ ግን የዚያችን እናት ጭንቀት አይሞላውም።

አማርኛ ግን አንጀትን አልጣለም። የአገራችን እናት ልጅዋ ሲታመም የምትለውን ሁላችሁ ሰምታችኋል።

መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ የመለሰው አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በካይሮ ከተማ፥ ለፈረንሳይ መንግሥት ይሠራ ከነበረው ከአስሊን ዴ ሸርቪል ጋር ዐሥር ዓመት ደከመ። በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ደጃፉ ለእንግዳ ይዘጋ ነበር። የዐረብኛውን መጽሐፍ ቀስ ብለው ቍጥር በቍጥር ያነባሉ፤ ጭንቅ ቃል ባገኙ ጊዜ ዕብራይስጡን፥ ሱርስጡንና ግሪኩን ይመለከታሉ። ፈረንሳዊው የቃሉን ፍች ይነግረዋል፤ የአማርኛውን ቃል መፈለግ ግን የሽማግሌው ፈንታ ነበር። እንዲህ ሲል ጽሕፈቱ 9,539 ገጽ ሆነ። አቡ ሩሚ ሥራው ሳይታተም በካይሮ ሞተ። ከዚያ በኋላ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1824 አራቱ ወንጌላት፥ በ1840 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ታተመ።

ዮሴፍ አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ ፊቱን ታጠበ፤ ከእልፍኙም ወጥቶ ማዕድ እንዲቀርብ አዘዘ። ይህን ለመተርጐም ግን ማንም አልተቸገረም።