መግቢያውን አሥር ጊዜ ቀየርኩት

ጥያቄ፦ በግሌ ለመጽሔቶችና ለድርጅቶች እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ለአንድ ጽሑፍ ሳምንት ሙሉ አነባለሁ፤ መግቢያውን አሥር ጊዜ እቀይራለሁ። ዋጋ ሲጠይቁኝም ሳወጣ ሳወርድ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ማንበብሽ ጥፋት አይደለም። የሚጎዳሽ ንባቡ የት እንደሚያበቃ አለመወሰንሽ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኸርበርት ሳይመን፣ ሰው ከሁሉም አማራጭ ምርጡን ልፈልግ ቢል ጊዜውም እውቀቱም እንደማይበቃው አስረድቷል፤ ስለዚህ «ይህን ካሟላ ይበቃኛል» የሚል መስፈርት ይይዛል። አንቺም ሥራውን ከመጀመርሽ በፊት መስፈርቱን ጻፊው፤ ለ800 ቃል ጽሑፍ ሦስት ምንጭ፣ አንድ ቃለ መጠይቅ፣ ሁለት ዙር እርማት በቂ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ንባብ ፍርሃትሽን ማስታመሚያ ነው።

እንግሊዛዊው ደራሲ አንተኒ ትሮሎፕ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሳለ ከቁርስ በፊት ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ይጽፍ ነበር፤ 47 ልቦለዶች ትቶ አልፏል። ፍጥነቱን አልመክርሽም፤ ሰዓቱን ግን ተዋሺው። መግቢያውንም መጨረሻ ላይ ጻፊ።

የዋጋው ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል፤ እንጀራሽ ነውና። ያለፉት አምስት ሥራዎችሽ ስንት ሰዓት እንደወሰዱ አስልተሽ የዋጋ ዝርዝር አዘጋጂ። ደንበኛ ሲደውል ከዝርዝሩ አንብቢለት። «ተወደደብኝ» ካለሽ የቃሉን ብዛት ቀንሺለት እንጂ የሰዓት ክፍያሽን አትንኪ። ያ አሥር ጊዜ የተቀየረው ረቂቅ ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይላክ።