የነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሕፃንና ጉበቱ

ሕፃን ልጅ ከሁለት ሳምንት በላይ ቢያስለው፣ ትኩሳት ቢመላለስበት፣ ክብደቱ አልጨምር ቢል፣ በቤቱም የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የያዘው ሰው ቢኖር፣ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ትንሽ ሕፃን አክታ መትፋት ስለማያውቅበት ተውሳኩ በምርመራ ላይገኝ ይችላል። ሐኪሙ ግን ምልክቱን አይቶ መድኃኒት ሊያስጀምረው ይችላል። «ሳይረጋገጥ ለምን ይውሰድ?» ብሎ መተው አይገባም፤ በሕፃን ላይ ቲቢ ፈጥኖ ወደ አንጎል ሽፋን ሊዛመት ይችላልና።

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ይገኛል። ወደ ሰውነት የገባውን መድኃኒት የሚያጣራ እርሱ ነው። አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ የተባሉት የቲቢ መድኃኒቶች ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ። ይህ በልጆች ላይ ከአዋቂዎች ያነሰ ነው፤ ከደረሰ ግን አደገኛ ነው።

የማያስፈራው ምልክት፦ ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ እንባንና ላብን ብርቱካንማ ያደርጋል። ይህ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ ምንም አይደል።

የሚያስፈራው ምልክት፦ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሲሆን፣ ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ ሲጠቁር፣ ምግብ እምቢ ሲል፣ ደጋግሞ ሲያስመልሰው፣ ቀኝ ጎኑን ሲያመው፣ ወይም ሲፈዝና እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ነው። ዓይኑን በቀን ብርሃን ይመልከቱ፤ በኩራዝ ቢጫው አይለይም።

ከእነዚህ አንዱን ያየች እናት የሚቀጥለውን መድኃኒት ሳትሰጥ ያንኑ ቀን ልጁን፣ መድኃኒቱንና ካርዱን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ሐኪሙ መርምሮ፣ ጉበቱ ሲያገግም መድኃኒቱን እንደገና በጥንቃቄ ያስጀምረዋል። ከዚህ ውጭ ግን «ሳሉ ተወው፤ ደህና ሆኗል» ብሎ ማቋረጥ በሽታውን መልሶ መጥራት ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ፦

1. መድኃኒቱ የሚለካው በልጁ ክብደት ነው። ስለዚህ በየቀጠሮው ይመዘን፤ የታላቁን መድኃኒት ለታናሹ አይስጡ።

2. ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ሥርና ቅጠል በጥብጠው አያጠጡት። የተጎዳውን ጉበት ይብሱን ሊጎዳው ይችላል።

3. መድኃኒቱን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቆልፉበት።

4. ጉበትን የሚያሳብጥ ሌላ ተውሳክም በዓይነ ምድር በተበከለ ውኃና እጅ ይተላለፋል። ከመጸዳጃ መልስና ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና ይታጠቡ፤ የሚጠጣውን ውኃ ያፍሉ።

ጥያቄ፦ ጠዋት የልጁ ሽንት ብርቱካንማ ሆነ፤ ልጁ ግን ይበላል፣ ይጫወታል፣ ዓይኑም ነጭ ነው። እናቱ ምን ታድርግ?

መልስ፦ መድኃኒቱን ትስጠው። ነገ ጠዋትም ዓይኑን ደጅ አውጥታ ትይለት፤ ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።