ዉ ወይዬ፤ በሁለት መንግሥታት መካከል የኖረው ባለቅኔ

በድሮዋ ቻይና ወደ ሹመት የሚያስገባው ዋናው በር ፈተና ነበር። ስለ ዉ ወይዬ ለመጻፍ የተነሣነውም በዚህ ነው፤ ሰውየው ከፈተና ወጥቶ የትምህርት ቤት ኃላፊ እስከ መሆን ደርሷልና።

የተወለደው በ1609 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ አገሩ ከሻንጋይ ብዙ የማይርቀው ታይፃንግ ነው። በ1631፣ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ሳለ፣ በቤተ መንግሥቱ ፈተና 2ኛ ወጣ። ወዲያው «በሰው ነው ያለፈው» የሚል ሐሜት ተነሣ። የሚንግ ንጉሠ ነገሥት ቾንግጀን ወረቀቱን አስመጥተው ራሳቸው አነበቡና አጸደቁለት። ይህን ውለታ ልብ እንበል።

በ1644 ዐማፅያን ቤይጂንግን ያዙ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸውን ሰቅለው ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ ማንቹዎች ገብተው የቺንግን ሥርወ መንግሥት ተከሉ። ዉ ወይዬ ናንጂንግ ለቀረው የሚንግ መንግሥት ጥቂት ሠርቶ ለቀቀና ቤቱ ገባ። የዘመኑን መዓት በግጥም ጻፈ፤ ስለ ዘፋኟ ቸን ዩዋንዩዋን የጻፈው ዛሬም ይነበባል።

በ1653 ቺንጎች ጠሩት። እምቢ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ዋጋውንም ከፍለዋል። የሱ ወላጆች ግን መዘዙን ፈርተው እያለቀሱ ጓዙን አሰናዱለት። ታዲያ ምን ያድርግ? የተማረው የኮንፊሽየስ ትምህርት ለንጉሥህ ታመን ይላል፤ ያው ትምህርት ወላጅህን አክብር ይላል። ሁለቱ ባንድ ቀን ሲጋጩበት መጻሕፍቱ አልረዱትም። ዛሬ ቁጭ ብሎ «እኔ ብሆን ኖሮ» ማለት እኮ ቀላል ነው።

ሄደ። በ1656 የመንግሥቱ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የበላይ ሆነ። እኛን ሠልጣኞቹን ያከራከረን እዚህ ላይ ነው፤ ታማኝነትን የሚያስተምር ቤት ኃላፊ ጌታውን የለወጠ ሰው ሆነ ማለት ነው። ከመካከላችን «ተማሪዎቹን ቀና ብሎ እንዴት ያያቸዋል?» ያለ አለ፤ «ይልቅ እንደሱ የተፈተነ ነው ደህና አስተማሪ» ያለም አለ።

በ1657 በቤተሰብ ሐዘን ፈቃድ ጠይቆ አገሩ ገባ፤ ወደ ሥራውም አልተመለሰም። በ1672 መጀመሪያ ሲሞት የተናዘዘው የመነኩሴ ልብስ እንዲያለብሱትና በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ባለቅኔነቱ ብቻ እንዲጻፍ ነው። ሹመቱ አንዱም እንዲነሣ አልፈለገም።

በ1776 ደግሞ የቺንግ ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ሁለት መንግሥት ያገለገሉ ሹማምንት ታሪክ ለብቻ ተለይቶ እንዲጻፍ አዘዙ። ና ብሎ የጠራው መንግሥት ራሱ ዉ ወይዬን እዚያ መዝገብ ውስጥ አስገባው።

ከጽሑፉ ሥር ባዶ ወረቀት ለጥፈናል፤ መምህራንም ሠልጣኞችም ክርክሩን ይቀጥሉበት።