ለወንድሜ ልጅ፣ ስልክ ለገዛህ ሰሞን

ልጄ፣ ፍኖተ ሰላም ወርደህ ስልክ መግዛትህን ሰማሁ። እንኳን ደስ አለህ። ስጋቴንም ልንገርህ።

1. ስልክ ቁጥርህን ምስጢር ነው ብለህ አትመካበት። መጋቢት 2013 የ106 አገር ሰዎች፣ 533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ በነጻ ተበተነ፤ ስማቸው ከነስልክ ቁጥራቸው። የማንም የይለፍ ቃል አልተሰበረም። ሌቦቹ በስልክ ቁጥር ወዳጅ መፈለጊያ በነበረው መንገድ ገብተው፣ ቁጥር በገፍ እያስገቡ የማን እንደሆነ ለቀሙት። የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ኋላ ድርጅቱን 265 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ የተበተነው ግን አልተሰበሰበም። እንግዲህ የማታውቀው ሰው በስምህ ቢጠራህ ዘመድ አይምሰልህ።

2. በስልክህ የሚመጣልህን የመግቢያ ኮድ ለማንም አትስጥ፤ ለእኔም ቢሆን። በራሴ ስለደረሰ ነው። አንድ የገበያ ቀን ከወዳጄ ቴሌግራም «ጋሼ፣ ኮድ ተሳስቶ ወደ እርስዎ ሄዶብኛል፣ ይላኩልኝ» የሚል መጣልኝ። ላክሁ። የጻፈው የወዳጄን አካውንት አስቀድሞ የወሰደ ሌባ ኖሯል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በእኔ ስም ለእህቴ «ታምሜ ሐኪም ቤት ነኝ» ተብሎ ተጻፈላት። ቡሬ ገበያ በርበሬ ሸጣ የያዘችውን 6 ሺህ ብር፣ የበርበሬው ብናኝ ከጣቷ ሳይለቅ፣ ላከችው። ማምሻውን «ተሻለህ ወይ ወንድሜ?» ብላ ስትደውል ነው የሆነውን ያወቅሁት። ብሩን ከፈልኋት። ዛሬም በስሜ መልእክት ሲደርሳት ደውላ ድምፄን ሳትሰማ አታምንም፤ ደግ አደረገች። አንተም ብር የሚጠይቅህን ሁሉ ድምፁን ሳትሰማ አትላክለት።

3. ቴሌግራምህ ላይ ከኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል ጨምርበት። ኮዱ ቢያመልጥህ እንኳ ሌባው ደጅ ይቀራል። «ዲቫይስ» የሚለውን ከፍተህም የማታውቀው ስልክ ካየህ አስወጣው።

4. ፌስቡኩን ባለሱቅ ከፍቶልህ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ቀይር። ገጠር ካሉት ዘመዶቻችን የገዛ የይለፍ ቃሉን የማያውቅ ብዙ ነው። የትውልድ ዓመትህን አታድርገው፤ የቴሌብርህንም ምስጢር ቁጥር ከሌላው ጋር አታመሳስል።

5. ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይተሃል። መስመሩ ጠፍቶ በከረመ ጊዜ አካውንትህን የሚያይልህ የለም፤ በተመለሰ ቀን ከወሬው በፊት እሱን እይ።

6. እናትህ ኮድ ብትጠየቅ ምን እንደምትመልስ ከአሁኑ አስተምራት። ቡና ሲፈላ አጠገቧ ተቀመጥ፣ ስልኩን ከእጇ አትቀማት፤ ራሷ እየነካች ትልመደው።